በጓሮ የሚተርፉ ፍሬዎች፦ ብርቅ የፍራፍሬ ዛፎችና የማዳቀል ሙያ

ገበያ የሚያቀርበው የፍራፍሬ ዓይነት ምድሪቱ ከምታበቅለው ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ነው። ነጋዴ የሚፈልገው ቆዳው ጠንከር ያለ፣ በጭነት መኪና ሲንገላታ የማይበላሽ፣ ጥሬውን ተለቅሞ በመጋዘን ሊበስል የሚችልና በአንድ ወቅት በብዛት የሚደርስ ፍሬ ስለሆነ፣ ሙዝ፣ ብርቱካን፣ ማንጎና አቮካዶ በየከተማው ሲታወቁ፣ የራሳቸው የሆነ ጣዕም ያላቸው ካዝሚር፣ ጊሽጣ፣ ወሽመላና ኮሽም ግን ከበቀሉበት ግቢ አጥር እምብዛም አይወጡም። በዚህ ምክንያት የእነዚህ ዛፎች ዕጣ የተንጠለጠለው በየመኖሪያ ቤቱ ጓሮ ላይ ነው፤ ግቢው ተሽጦ ፎቅ ሲሠራበት ወይም ዛፉ አርጅቶ ሲወድቅ፣ ጎረቤት ሁሉ ለዓመታት ሲቀምሰው የኖረው ያ ልዩ ፍሬ አብሮ ይጠፋል። ብዙ ሰው ይህ እንዳይደርስ የፍሬውን ዘር ይተክላል፤ ይሁን እንጂ ከዘሩ የሚበቅለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ዛፍ ነው። ያንኑ ዛፍ ጠባዩን ሳይለቅ ለማትረፍ የሚያስችለው አስተማማኙ መንገድ ማዳቀል፣ ማለትም ቅርንጫፉን በሌላ ችግኝ ላይ መቀጠል ሲሆን፣ ሙያው ከአንድ ስለታም ሰንጢ፣ ከጥቂት የፕላስቲክ ቴፕና ከትዕግሥት ያለፈ ነገር አይጠይቅም።

ከገበያ የራቁት

ከእነዚህ ዛፎች መካከል ለወይና ደጋ ጓሮ እጅግ የሚስማማው ካዝሚር ነው። የትውልድ አገሩ ሜክሲኮና መካከለኛው አሜሪካ ሲሆን፣ በዕፅዋት ምደባ ከሎሚና ከብርቱካን ቤተሰብ ይቆጠራል፤ ፍሬው ግን ከእነርሱ ጋር ምንም አይመሳሰልም። ቆዳው ስስና አረንጓዴ ወይም ወደ ቢጫ የሚያደላ፣ ሥጋው ነጣ ያለ፣ ለስላሳና በጣም ጣፋጭ ነው። ገበያ ያልገባበትም ምክንያት ይኸው የቆዳው ስስነት ነው፤ ፍሬው ገና ሳይበስል እንኳ በለቀማ ጊዜ ከተጋጨ የተመታው ቦታ ይጠቁራል፣ ከሥሩ ያለውም ሥጋ ይመርራል። ስለዚህ ካዝሚር በመቀስ ጥቂት ቅንጥብ አስቀርቶ መቆረጥ፣ ከዚያም ቤት ውስጥ ተዘርግቶ እስኪለሰልስ መጠበቅ ይኖርበታል። ዘሩ ጎጂ ንጥረ ነገር ያለበት በመሆኑ መበላትም ሆነ ከፍሬው ጋር መፈጨት የለበትም።

ጊሽጣ የሚለው ስም በኢትዮጵያ ለበርካታ ተቀራራቢ ዝርያዎች የሚያገለግል ሲሆን፣ ከእነርሱ አንዱ፣ ቼሪሞያ የሚባለው፣ ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች የመጣና ቀዝቀዝ ያለ አየር የሚወድ ነው። ወሽመላ ከቻይና የተገኘ፣ ትልልቅ ሻካራ ቅጠሎች ያሉት፣ ብርቱካናማ ቀለም ያላቸውን ጎምዛዛና ጣፋጭ ፍሬዎች በዘለላ የሚያፈራ ሁልጊዜ ለምለም ዛፍ ነው። ኮሽም ደግሞ የአገር ተወላጅ ነው፤ እሾሃም በመሆኑ ለአጥር ይፈለጋል፣ ሲበስል ብርቱካናማ የሚሆነው ጎምዛዛ ፍሬው ግን ለማርማላታ የሚመች ሆኖ ሳለ አብዛኛውን ጊዜ የልጆችና የወፎች ድርሻ ሆኖ ቀርቷል። እንኮይ፣ ዶቅማ፣ አጋምና ቁርቁራም በዚሁ መዝገብ የሚገቡ የአገር ሀብቶች ናቸው።

ዛሬ በየቦታው የሚገኘው አቮካዶም አንድ ጊዜ ብርቅ እንደነበረ ማስታወስ ይገባል። ወደ ኢትዮጵያ የገባው እ.ኤ.አ. በ1938 በሂርናና በወንዶ ገነት በነበሩ የግል አትክልተኞች አማካይነት ሲሆን፣ ከጥቂት ሰዎች ጓሮ ተነሥቶ የአገር ምግብ ለመሆን የሰው ዕድሜ ያህል እንኳ አልፈጀበትም።

ዘር ለምን አይበቃም

በአበባ የሚራባ ዛፍ ዘሩን የሚሠራው የእናቲቱ አበባ፣ ነፍሳት ወይም ነፋስ ከሚያመጡት ብናኝ ጋር ሲዋሐድ ነው፤ ብናኝ የሚባለው በአበባው ወንዴ ክፍል ላይ የሚገኘው ደቃቅ ዱቄት ነው። ከዚህ ውሕደት የሚወለደው እያንዳንዱ ዘር የሁለት ወላጆችን ባሕርይ በአዲስ አቀማመጥ ስለሚይዝ፣ ከአንድ ምርጥ አቮካዶ የተወሰዱ አሥር ዘሮች ቢተከሉ አሥር የተለያዩ ዛፎች ይበቅላሉ፤ አንዱ ፍሬው ትንሽ፣ ሌላው ቃጫ የበዛበት፣ ሦስተኛው ጨርሶ የማያፈራ ሊሆን ይችላል። ከዚህ ደንብ የሚወጡም አሉ፤ አብዛኞቹ ብርቱካንና ሎሚ እንዲሁም አንዳንድ የማንጎ ዝርያዎች በአንድ ዘር ውስጥ ከእናቲቱ አካል ብቻ የተገኙ ተጨማሪ ጽንሶች ስለሚይዙ፣ ከዘራቸው እናቲቱን የሚመስል ዛፍ ሊገኝ ይችላል። ካዝሚር፣ ቼሪሞያ፣ አቮካዶ፣ ፖምና ወሽመላ ግን በዚህ አይታመኑም።

ሁለተኛው ምክንያት ጊዜ ነው። ከዘር የበቀለ ዛፍ እንደ ሰው ሁሉ ለአካለ መጠን የሚደርስበት ዘመን ያለው ሲሆን፣ ይህ ዘመን ሳያልፍ ምንም ያህል ቢመገብ አያብብም። ከዘር የተነሣ ካዝሚር ፍሬ ለመስጠት 7 ወይም 8 ዓመት የሚፈጅበት ሲሆን፣ የተዳቀለው ግን በ3 ወይም በ4 ዓመት ይጀምራል። ልዩነቱ የመጣው ለማዳቀል የሚወሰደው ቅርንጫፍ ቀድሞውኑ ካፈራ ዛፍ ላይ የተቆረጠ በመሆኑ ነው፤ ቅርንጫፉ በአዲስ ሥር ላይ ቢቀመጥም የደረሰበትን የብስለት ደረጃ ይዞ ስለሚሄድ ጉዞውን ከዜሮ አይጀምርም።

የአንድ ዛፍን ዋጋ ከሐስ አቮካዶ ታሪክ የበለጠ የሚያስረዳ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ላ ሃብራ ሃይትስ በተባለ ስፍራ ይኖር የነበረው ፖስተኛ ሩዶልፍ ሐስ፣ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ከዘር ያበቀለውን አንድ ችግኝ በጊዜው ተፈላጊ በነበረው ፉዌርቴ በተባለው ዝርያ ሊያዳቅለው ሞክሮ የተቀጠለው ቅርንጫፍ አልይዝ ስላለው ዛፉን እንዲሁ ተወው። ዛፉ ሲያፈራ ፍሬው ቆዳው ሻካራ፣ ሲበስል የሚጠቁር፣ ጣዕሙ ግን ከሌላው የላቀ ሆኖ ተገኘ፤ ሐስም እ.ኤ.አ. በ1935 የባለቤትነት መብት አወጣበት። ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው አቮካዶ አብዛኛው ሐስ ሲሆን፣ ሁሉም በማዳቀል ከዚያች አንዲት ዛፍ የተወረሰ ነው። እናት ዛፏ እ.ኤ.አ. በ2002 በሥር በሽታ ሞታለች፤ ቅርንጫፎቿ ግን በኢትዮጵያ ማሳዎች ጭምር ይኖራሉ። ሐስ ዘሯን ብቻ ለጎረቤት ሲያድል ኖሮ ቢሆን፣ ያ ዓይነት ፍሬ ከአንድ ጓሮ ተነሥቶ በዚያው ጓሮ ባበቃ ነበር።

ሁለት ዛፍ እንዴት አንድ ይሆናል

ማዳቀል በዚህ ጽሑፍ የሚያመለክተው ከአንድ ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍን ሥር ባለው ሌላ ችግኝ ላይ ገጥሞ እንደ አንድ ዛፍ እንዲያድጉ ማድረግን ነው፤ በአበባ አማካይነት ሁለት ዝርያዎችን ከማዋለድ የተለየ ሥራ ነው። ከታች ሥር የሚሰጠውን ችግኝ ባለሙያዎች ሩትስቶክ፣ ከላይ የሚቀጠለውን ሳዮን ይሏቸዋል፤ በቀላል አነጋገር ሥር ሰጪና ቅጥያ ማለት ይቻላል። ሁለቱ ከተዋሐዱ በኋላም ባሕርያቸው አይቀላቀልም። ከመጋጠሚያው በላይ የሚያድገው ቅርንጫፍ፣ አበባና ፍሬ ሁሉ የቅጥያው ነው፤ ከመጋጠሚያው በታች ያለው ደግሞ የሥር ሰጪው ሆኖ ይቀራል። ይሁን እንጂ ሥር ሰጪው የዛፉን ቁመት፣ ድርቅና የሥር በሽታ የመቋቋም ኃይሉን፣ ቶሎ ወይም ዘግይቶ ማፍራቱን በእጅጉ ይወስናል።

የውሕደቱ ምሥጢር ያለው ካምቢየም በተባለ ስስ ሽፋን ላይ ነው። ይህ ሽፋን ከቅርፊቱ በታች፣ በልጡና በእንጨቱ መካከል የሚገኝ፣ ሲነካ እርጥብና ሙልጭልጭ የሚል፣ ዘወትር የሚከፋፈሉ ሕዋሳት ያሉበት ክፍል ነው፤ ወደ ውስጥ ውኃና ማዕድን የሚያሳልፈውን እንጨት፣ ወደ ውጭ ደግሞ ቅጠል ያዘጋጀውን ምግብ የሚያወርደውን ልጥ ይሠራል። የቅጥያውና የሥር ሰጪው ካምቢየም ተነካክተው ሲታሰሩ በቁስሉ ላይ ካለስ የሚባል ልል ኅብረ ሕዋስ ይበቅልና ክፍተቱን ይሞላል፤ ከዚያም በዚህ ድልድይ ውስጥ አዲስ ካምቢየም ይፈጠርና የሁለቱ የውኃና የምግብ መስመሮች ይገናኛሉ። ወጌሻ የተሰበረ አጥንትን አስተካክሎና አጥብቆ በማሰር ሰውነት ራሱ እንዲጠግነው እንደሚያደርግ ሁሉ፣ የአዳቃዩም ሥራ በትክክል ማጋጠምና እንዳይነቃነቅ ማሰር ነው፤ መጠገኑ የዛፉ ፈንታ ነው። መስመሮቹ እስኪገናኙ ድረስ ባሉት ሳምንታት ቅጥያው ሥር ስለሌለው የሚኖረው በውስጡ በያዘው እርጥበት ብቻ በመሆኑ፣ አብዛኛው የማዳቀል ሙከራ የሚከሽፈው ቅጥያው ከመዋሐዱ በፊት ስለሚደርቅ ነው።

ሁሉም ዛፍ ከሁሉም አይገጥምም። አንድ ዝርያ ከራሱ ዝርያ ጋር በአስተማማኝ ሁኔታ ይዋሐዳል፤ በአንድ ወገን ያሉ ተቀራራቢ ዝርያዎችም፣ ለምሳሌ ብርቱካንና ሎሚ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይስማማሉ፤ ከዚያ በራቀ ቁጥር ዕድሉ እየጠበበ ይሄዳል። ወሽመላ ኩዊንስ በተባለው የፖምና የፒር ዘመድ ላይ ተዳቅሎ አጭር ዛፍ መሆኑ ከታወቁት ጥቂት የርቀት ጋብቻዎች አንዱ ነው። ስለዚህ ማንጎን በአቮካዶ ላይ ወይም ፖምን በኮክ ላይ ስለማዳቀል የሚወራው ሁሉ መሠረት የለውም።

ሙያው ራሱ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛውና በሦስተኛው መቶ ዓመት የኖረው ግሪካዊው ቴዎፍራስጦስ ስለ ዕፅዋት በጻፋቸው መጻሕፍት ማዳቀልን ያብራራል። የአማርኛ አንባቢም በሮሜ መልእክት ምዕራፍ 11 የዱር ወይራ ቅርንጫፍ በመልካሙ ወይራ ላይ ስለመግባቱ የተጻፈውን ምሳሌ ያውቀዋል። አትክልተኛ ዘወትር የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ሲሆን፣ ጠንካራውን የዱር ወይም የአካባቢ ችግኝ ለሥር፣ ምርጡን ለፍሬ ይጠቀምበታል፤ ሐዋርያውም ምሳሌው ከተፈጥሮ ልማድ ውጭ መሆኑን በዚያው ምዕራፍ ያመለክታል።

ሥራው ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያው ሥራ ሥር ሰጪውን ማሳደግ ነው። ለካዝሚር የካዝሚር፣ ለአቮካዶ የአቮካዶ፣ ለጊሽጣ የጊሽጣ ዘር በደንብ ከበሰለ ፍሬ ተወስዶና ታጥቦ ሳይቆይ በችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ይዘራል፤ የችግኙ ግንድ የእርሳስ ያህል ሲወፍር ለማዳቀል ደርሷል ማለት ነው። የአቮካዶና የካዝሚር ዘር ከደረቀ የመብቀል ኃይሉን ቶሎ ስለሚያጣ ለወራት ማስቀመጥ አይመከርም።

ቅጥያው የሚመረጠው ፍሬው ቢያንስ ለሁለት ወቅት ከተቀመሰና ጤንነቱ ከተጠና ዛፍ ነው። ተመራጩ ቅርንጫፍ ፀሐይ ከሚያገኘው የዛፉ ክፍል ያለ፣ ባለፈው ወቅት ያደገ፣ ውፍረቱ ከሥር ሰጪው ጋር የሚቀራረብ፣ ዓይኖቹ ያበጡ ነገር ግን ያልፈነዱ ነው፤ ዓይን የሚባለው አዲስ ቅጠልና ቅርንጫፍ የሚፈነዳበት ትንሽ ጉጥ ነው። ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር የሚረዝምና ሦስት ያህል ዓይን ያለው ቁራጭ ይበቃል። ቅርንጫፉ እንደተቆረጠ ቅጠሎቹ ወዲያው መወገድ አለባቸው፤ ቅጠል ውኃ ስለሚያተን ቅጥያውን በሰዓታት ውስጥ ያደርቀዋል። ከዚያም በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎ በፕላስቲክ ከረጢት ይያዝና ቢቻል በዚያው ዕለት ይዳቀላል።

ለጀማሪ የሚቀለው ሥር ሰጪውን ሰንጥቆ ቅጥያውን በስንጥቁ ውስጥ መትከል ነው። ሰንጢው ወይም ምላጩ በአልኮል ይጸዳል፤ የሥር ሰጪው ግንድ ከአፈሩ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ ቀጥ ተደርጎ ይቆረጥና መሐሉ እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ድረስ ወደ ታች ይሰነጠቃል። የቅጥያው የታችኛው ጫፍ በሁለት ወገን ተቀርጾ እንደ ሽብልቅ ይሾላል፤ እያንዳንዱ ገጽ በአንድ ረጅም ስበት መቆረጥ ያለበት ሲሆን፣ እየተፋቀ የተስተካከለ ገጽ ወጣ ገባ ስለሚሆን ካምቢየሞቹ አይነካኩም። የተቆረጠውን ገጽ በጣት መንካት አይገባም። ሽብልቁ በስንጥቁ ውስጥ ሲገባ የሁለቱ ውፍረት እኩል ካልሆነ መሐል ላይ ከማድረግ ይልቅ ወደ አንድ ጠርዝ አስጠግቶ ቢያንስ በአንዱ ወገን ልጥን ከልጥ ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል፤ መሐል ለመሐል የገባ ቀጭን ቅጥያ በየትኛውም ወገን ካምቢየሙ ስለማይገናኝ ይደርቃል። በመጨረሻም መጋጠሚያው ውኃ እንዳያስገባ ከታች ወደ ላይ በፕላስቲክ ቴፕ በጥብቅ ይጠቀለላል፤ ቅጥያው ራሱ በስስ ፕላስቲክ ከረጢት ይሸፈንና ችግኙ ጥላ ሥር ይቀመጣል።

ከ3 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ቅጥያው አረንጓዴ እንደሆነ ቆይቶ ዓይኖቹ ከፈነዱ ሥራው ተሳክቷል፤ ከጠቆረ ከሽፏል፤ ይሁንና ሥር ሰጪው በሕይወት እስካለ ድረስ ዝቅ ተብሎ እንደገና ሊዳቀል ይችላል። ዓይኖቹ ሲፈነዱ ከረጢቱ በጥቂት በጥቂቱ ተከፍቶ ይወገዳል። ከመጋጠሚያው በታች የሚበቅል ማንኛውም ቡቃያ ያለ ምሕረት መነቀል አለበት፤ ካልተነቀለ የሥር ሰጪው ጉልበት ወደ ራሱ ቡቃያ ይዞርና ቅጥያው ይራባል፤ የተዳቀለ ብርቱካን ተክለው ከዓመታት በኋላ ኮምጣጣ ፍሬ የለቀሙ ሰዎች የደረሰባቸው ይኸው ነው። ቴፑ ግንዱ ሲወፍር አንቆ እንዳይገድለው ከ2 ወይም ከ3 ወር በኋላ ይፈታል።

ለሎሚና ለብርቱካን ወገን ግን አንዲት ዓይን ብቻ ትበቃለች። በሥር ሰጪው ልጥ ላይ የመስቀል ምልክት ራስ እንደሌለው ሆኖ ይሰነጠቅና፣ ከነልጧ የተላጠችው ዓይን በስንጥቁ ውስጥ ሾልካ ገብታ ትታሰራለች፤ ይህም ከአንድ ቅርንጫፍ በርካታ ችግኞችን ለማግኘት ስለሚያስችል ብርቅ ዛፍን ለማባዛት የተመቸ ነው። ወቅትን በተመለከተ የክረምቱ ከባድ ዝናብ መጋጠሚያውን ስለሚያበሰብስ፣ የበጋው ሐሩርም ስለሚያደርቅ፣ ከሁለቱ ጽንፎች ውጭ ያለውና ዛፉ አዲስ ቡቃያ ሊያወጣ የሚዘጋጅበት ጊዜ ይመረጣል።

እያንዳንዱ ዛፍና ጠባዩ

ጊሽጣ የሚዳቀለው እንደሌሎቹ ሆኖ ሳለ ሁለት ለየት ያሉ ጠባዮች አሉት። የመጀመሪያው ዓይኖቹ በቅጠሉ አገዳ ግርጌ ተሸፍነው መቀመጣቸው ነው፤ ቅጠሉ ካልወደቀ ወይም ካልተነቀለ ዓይኑ ስለማይወጣ፣ ቅጥያ ከመቆረጡ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በፊት የተመረጠው ቅርንጫፍ ቅጠሉ ተነቅሎ ዓይኖቹ እንዲያብጡ ይደረጋል። ሁለተኛው የአበባው ነገር ነው፤ የቼሪሞያ አበባ መጀመሪያ እንስት ሆኖ ጥቂት ብቻ ይከፈትና በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወንዴ ሆኖ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል። አንዱ አበባ ራሱን በራሱ ሊያስረግዝ ስለማይችልና በትውልድ አገሩ ይህን ሥራ የሚሠሩለት ጥቃቅን ጥንዚዛዎች ሁልጊዜ ስለማይገኙ፣ ዛፉ በአበባ ተሸፍኖ ሳለ ፍሬው ጥቂትና ጎባጣ ሊሆን ይችላል። መፍትሔው በእጅ ማራከብ ነው፦ ወደ ማታ ሙሉ በሙሉ ከተከፈቱት አበቦች ብናኙ በትንሽ ዕቃ ይራገፋል፣ በማግሥቱ ጠዋት በለስላሳ የቀለም ብሩሽ ተነክሮ ገና ጥቂት በተከፈቱት አበቦች ውስጥ ባለው እንስት ክፍል ዙሪያውን ይቀባል። ዙሪያው በሙሉ ከተቀባ ፍሬው ሙሉና የተስተካከለ ይሆናል። የጊሽጣ ዘርም እንደ ካዝሚር ዘር መርዛማነት ስላለው ተፈጭቶ ከጭማቂ ጋር እንዳይቀላቀል መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

የኮሽም ችግር ሌላ ነው። ወንድና ሴት አበባዎቹ ብዙውን ጊዜ በተለያዩ ዛፎች ላይ ስለሚገኙ፣ ከዘር ያበቀለው ሰው ችግኙ ሴት ይሁን ወንድ ሳያውቅ ለዓመታት ተንከባክቦ ፍሬ የማይሰጥ ወንድ ዛፍ ሊያገኝ ይችላል። ፍሬው ከታወቀ ሴት ዛፍ የተወሰደ ቅጥያ ይህን ጥርጣሬ ያስወግዳል፤ ለብናኝ የሚሆን አንድ የወንድ ቅርንጫፍም በዚያው ዛፍ ላይ ሊዳቀል ይችላል። እንኮይ ግን ለጓሮ አስቸጋሪ ነው፤ ሥሩ ከሌሎች ዕፅዋት ሥር ጋር ተጣብቆ ውኃና ማዕድን የሚስብ ከፊል ጥገኛ ዛፍ ስለሆነ አጠገቡ ሌላ ተክል ካልኖረው ይቀጭጫል። የዶቅማ ዘር ደግሞ ከደረቀ ስለሚሞት ፍሬው በተለቀመ በጥቂት ቀናት ውስጥ መዘራት ይኖርበታል።

ለደጋው ሰው ትምህርት የሚሆነው የጨንቻ ምሳሌ ነው። በጋሞ ደጋ በምትገኘው በዚህች አካባቢ ፖም የገባው እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በሚስዮናውያን አማካይነት ሲሆን፣ ገበሬዎቹ ማዳቀልን ተምረው ከፍሬው ሽያጭ ባልተናነሰ የተዳቀለ ችግኝ በመሸጥ ይታወቃሉ። ፖም ለማበብ የብርድ ወራት የሚያስፈልገው ዛፍ በመሆኑ ለኢትዮጵያ የሚስማሙት እንደ አና ያሉ ጥቂት ብርድ የሚበቃቸው ዝርያዎች ናቸው፤ አና የተገኘችው በእስራኤል ነው። ብርዱ ባልበቃበት ቦታ ገበሬው ቅጠሉን በእጁ እየነቀለ ዛፉ እንዲያርፍና እንደገና እንዲያብብ ያደርጋል።

በአንድ ዛፍ ላይ ብዙ ዝርያ

የከተማ ግቢ ጠባብ ስለሆነ ማዳቀል ሌላም ጥቅም አለው፤ በአንድ ግንድ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ዝርያዎችን ማኖር ያስችላል። ይህ ለአቮካዶ ከጌጥ ያለፈ ትርጉም አለው። የአቮካዶ ዝርያዎች በአበባቸው ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የመጀመሪያው ዓይነት ጠዋት እንስት ሆኖ ተከፍቶ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወንዴ ሆኖ ይመለሳል፣ ሁለተኛው ከሰዓት በኋላ እንስት ሆኖ በማግሥቱ ጠዋት ወንዴ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያው ዓይነት የሆነው ሐስ፣ ከሁለተኛው ዓይነት ከሆኑት ከፉዌርቴ ወይም ከኤቲንገር ጋር ሲቀራረብ የአንዱ ብናኝ ለሌላው በሰዓቱ ይደርስለታል። ሁለት ዛፍ የሚተክልበት ቦታ የሌለው ሰው አንዱን ቅርንጫፍ በሌላው ዓይነት ቢያዳቅል ምርቱ ይሻሻላል። ፍሬው ያልረባ ያረጀ ዛፍም ቢሆን መቆረጥ የለበትም፤ ቅርንጫፎቹ በየተራ ተቆርጠው በምርጥ ዝርያ ሲዳቀሉ፣ ሥሩ ቀድሞውኑ የተንሰራፋ ስለሆነ ከአዲስ ችግኝ ቀድሞ ያፈራል።

አፈርና ጤና

የተዳቀለ ችግኝ ሲተከል ጉድጓዱ በሁሉም አቅጣጫ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ይቆፈራል፤ የላይኛው ለም አፈር ለብቻ ተቀምጦ ከኮምፖስት ጋር ተደባልቆ ይመለሳል። መጋጠሚያው ከአፈሩ በላይ ቢያንስ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ መቅረት አለበት፤ ከተቀበረ ቅጥያው የራሱን ሥር ሊያወጣ ወይም ሊበሰብስ ይችላል። ጉዝጓዝ እርጥበት ስለሚይዝ ይመከራል፣ ግንዱን መንካት ግን የለበትም።

በክረምት ውኃ የሚያቁር ጥቁር የመረሬ አፈር ለአቮካዶ አደገኛ ነው። የአቮካዶ ሥር ወደ ላይ የቀረበና አየር የሚፈልግ ሲሆን፣ ፋይቶፍቶራ የተባለው ሥር አበስባሽ ደግሞ በረጋ ውኃ ውስጥ እየዋኘ ከሥር ወደ ሥር ይዛመታል። እንዲህ ባለ ቦታ አፈሩን ከፍ አድርጎ ከምሮ በጉብታው ላይ መትከልና ለውኃው መውጫ ቦይ ማበጀት ዛፉን ያድነዋል።

በማዳቀል የሚመጣው ትልቁ ጉዳት ከቅጥያው ጋር በሽታ መተላለፉ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1930ዎቹ ጀምሮ ትሪስቴዛ የተባለ ቫይረስ በአርጀንቲናና በብራዚል በኮምጣጣ ብርቱካን ላይ የተዳቀሉ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ዛፎችን ፈጅቷል፤ ከመስፋፋቱ መንገዶች አንዱም በበሽታው የተያዘ ቅጥያ ነበር። በኢትዮጵያም እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየው የማንጎ ነጭ ቅርፊታም ተባይ ዛሬ በበርካታ አካባቢዎች ማንጎን እየጎዳ ይገኛል። ስለዚህ ቅጥያ ከታመመ ወይም ቅጠሉ ከተዥጎረጎረ ዛፍ አይወሰድም፤ ሰንጢ ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ሲሻገር በአልኮል ይጸዳል። ከአሜሪካ ወይም ከእስራኤል ለጥየቃ የሚመጣ ዘመድም ብርቅ ቅጥያ በሻንጣው ውስጥ ደብቆ ከማምጣት ይልቅ የዕፅዋት ጤና የምስክር ወረቀት እንዲያወጣ መምከር ተገቢ ነው፤ በአንድ ቅርንጫፍ የገባ ተባይ የአንድን አገር ፍራፍሬ ሊያጠፋ ይችላልና።

አሁን መደረግ ያለበት

ከብርቅ ዛፎች ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት ያሉት የቀደሙት ባለቤቶች ለልጅ ልጅ አስበው ስለተከሏቸው ነው። ከእነዚህ ዛፎች መካከል የትኛው ካዝሚር እንደሚጣፍጥ፣ የትኛው ጊሽጣ ዘሩ ጥቂት ሥጋው ብዙ እንደሆነ የሚያውቁት ከፍሬው የበሉት ቤተሰቦችና ጎረቤቶች ብቻ ናቸው፤ ይህን እውቀት የሚተካ መዝገብ የለም። ስለሆነም በግቢው ምርጥ ዛፍ ያለው ሰው ዛፉ ሳያረጅ፣ ግቢውም ሳይሸጥ ወይም ለግንባታ ሳይቆፈር ቢያንስ ሁለት ቅጥያ አዳቅሎ፣ አንዱን በራሱ ቦታ፣ ሌላውን በዘመድ ወይም በጎረቤት ግቢ ማኖር ይገባዋል። ቦታ የሌለው ሰው እንኳ ቅርንጫፉን ለሚያዳቅል ሰው በነጻ ቢሰጥ ዛፉን አትርፏል። የችግኝ ጣቢያዎችም ከተለመዱት ዝርያዎች ጎን በየአካባቢው የተመሰገኑ ዛፎችን ስምና ቦታ እየመዘገቡ ቢያባዙ፣ ለመጪው ትውልድ የሚተርፈው ፍሬ ገበያ ከመረጠው የሰፋ ይሆናል። የዛፉ ባለቤት ይህን ሥራ ለነገ ማቆየት የለበትም፤ ዛፉ ከተቆረጠ በኋላ የሚወሰድ ቅጥያ የለምና።